አያ ሣጥንና አሥራ ሁለቱ ጥቅሎች

ተረት ልነግራችሁ ነውና ጠጋ በሉ። ይህን ተረት የሰማሁት በልጅነቴ ነው፤ የነገሩኝ ሰዎችም ዛሬ የሉም። ስለዚህ አንዳንድ ቦታ ላይ ልስት እችላለሁ። ነጋዴው የመጣው ማክሰኞ ይሁን ረቡዕ አላስታውስም። በቅሎው ቀይ ይሁን ጥቁር፣ እሱም ጠፍቶብኛል። ጥቅሎቹ ግን አሥራ ሁለት ነበሩ፤ እሱን ደጋግሜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። አውቄ የጨመርኩት የለም። የረሳሁት ካለ ይቅር በሉኝ።

ድሮ፣ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አንደበት በነበረው ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ተራራ ግርጌ፣ ከወንዝ ዳር፣ ቢተው የሚባል ሰው ይኖር ነበር። አገሩ ቆላ ነው፤ ትምባሆ ያበቅላል። ቢተው ትምባሆውን እንደ ሌላው ሰው ቀጥቅጦ ለጋያ ማጨሻ አያደርገውም። ቅጠሉን ሳይቆርጥ ያደርቀዋል፣ ጉልበቱ ላይ ይዘረጋዋል፣ እንደ አውራ ጣት አወፍሮ ይጠቀልለዋል። ዛሬ ከተሜው ሲጋር የሚለው መሆኑ ነው። ሙያውን ያስተማሩት አባቱ ናቸው።

ቢተው ልየው የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም ነበረው። አባታቸው ሲሞቱ ልየው ሩቅ አገር ነበርና መርዶው ዘግይቶ ደረሰው። እየሮጠ ቢመጣም የደረሰው መቃብሩ ከተደፈነ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ቢተው በለቀስተኛው ሁሉ ፊት ተነሣና፣

«አባቱን ያልቀበረ ወንድሜ አይደለም!» አለ።

ያቺው አንዲት ቃል ናት፤ ሌላ አልተናገረም። ልየውም ጋቢውን አጣፍቶ፣ ተራራውን ወጥቶ፣ ደጋ ገብቶ ቀረ።

አንድ ዓመት አለፈ። ሁለት ዓመት አለፈ። ሦስት ዓመት አለፈ። የቢተው ንዴት ወጣለትና ጸጸት ተተካ። በዚያው ዓመት ወንዙ ሞልቶ የአባቱን ማሳ ጠረገው፤ ከማሳው የተረፈው አንድ እቅፍ ቅጠል ብቻ ነበር። ቢተው ከዚያች እቅፍ አሥራ ሁለት ጥቅል ጠቀለለና ሚስቱን አንጓችን ጠራት።

«ይህን ማንም አይነካውም» አላት። «ልየው ሲመጣ ሁለታችን ከአባታችን መቃብር አጠገብ ተቀምጠን እናጨሰዋለን። ስድስት ለእሱ፣ ስድስት ለእኔ።»

«ካልመጣስ?»

«ይመጣል። ታናሽ አይደል? ደንቡን ያውቃል።»

የዚያ አገር ደንብ እንዲህ ነው። ወንድማማቾች ሲጣሉ፣ ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን፣ ታናሽዬው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ መጥቶ ከታላቁ እግር ሥር ይወድቃል። ታላቁም «ይቅር ለእግዜር» ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። ታላቅ ወደ ታናሽ አይሄድም። ሄዶም አያውቅም።

ቢተው ጥቅሎቹን ለአያ ሣጥን አደራ ሰጠው። አያ ሣጥን ከተራራው ጥድ የተሠራ፣ ክዳኑ ግጥም የሚል አሮጌ ሣጥን ነው። ስጉ ነው፤ ጠንቃቃ ነው። አደራውን ከተቀበለ ጀምሮ ጠዋት ይቆጥራል፣ ቀትር ይቆጥራል፣ ማታ ይቆጥራል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» እያለ አሥራ ሁለት እስኪደርስ ነፍሱ አታርፍም።

ጥቅሎቹም ይስቁበታል። «አባባ ሣጥን፣ እኛ እግር የለን! የት እንሄድብሃለን?»

«እናንተ ዝም በሉ» ይላቸዋል። «አደራ እግር ባይኖረውም ይጠፋል።»

አያ ሣጥን የሚቀመጠው ከቆጡ ላይ ነው። ከቆጡ ሥር ምድጃው ነበር፤ ከማዶ፣ ከጓዳው ጥግ፣ እትዬ እንስራ ትቀመጥ ነበር። እትዬ እንስራ አፏ ሰፊ ነው፤ ያየችውን ሳትናገር አታድርም።

«አያ ሣጥን» ትለዋለች፤ «ቆጡ ይሞቃል። ትምባሆ ሙቀት አይወድም። ወደ እኔ ወደ ብርዱ ጥግ ውረድ።»

«አንቺ ዘንድማ ይረጥባል። ልጆቼን ልታሻግቺብኝ ነው?»

«እቀፈኝ መች አልኩህ? ጥጉ ላይ አልኩህ እንጂ!»

አያ ሣጥን ግን ቆጡን ለምዶታልና አልወረደም።

የመስቀል ማግስት ነው። ቀትር ላይ አንድ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን እየሳበ መጣ። ሐሩሩ አድክሞት ነበርና አንጓች ጥላ ሥር አስቀምጣ ውሃ በቅል አጠጣችው። ሊሄድ ሲነሣ ከኮርቻው ከረጢት አንድ ወፍራም ጥቅል ትምባሆ አወጣ።

«ከሩቅ አገር የመጣ ነው፤ ለደግነታችሁ» ብሎ ለቢተው ሰጠው።

«እግዜር ይስጥህ፤ ግን ልየው ሳይመጣ ትምባሆ በአፌ አይዞርም» አለ ቢተው።

«የትኛው ልየው? ደጋ ያለው ረጅሙ ልየው? በእሱ ደጅ አይደል የማልፈው! መልእክት ካለህ ንገረኝ።»

የቢተው ፊት በራ፤ መልሶም ጠቆረ። «ጠራህ እንዳትለው» አለ። «የአባታችን ትምባሆ አሥራ ሁለት ጥቅል ተቀምጧል በለው። ሳይነካ ተቀምጧል በለው። ሌላ አትጨምር።»

ነጋዴው ሄደ። ቢተውም የተሰጠውን ጥቅል ይዞ ወደ ቆጡ ወጣና የሣጥኑን ክዳን ከፈተ።

«ቤቶች!» አለ ወፍራሙ ጥቅል። «የእግዜር እንግዳ ነኝ።»

«ቤት ለእንግዳ!» አለ አያ ሣጥን።

እትዬ እንስራ ከጥጓ ሆና ዓይኗን ጣለች። «አያ ሣጥን፣ ቆይ። ወገቡ ላይ ያለችው ምንድን ናት? የመርፌ ቀዳዳ የምታህለዋ?»

«የመርፌ ቀዳዳ ናታ» አለ እንግዳው ቶሎ ብሎ። «ነጋዴው ደረቅ መሆኔን ሊያይ ወግቶኝ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ደግ። ግን አያ ሣጥን፣ ለብቻው ይክረም። ያው ባዶ ቅል አለ፣ እዚያ ውስጥ ይቀመጥ። አንድ ሁለት ወር እንየው፤ ደህና ከሆነ ትቀላቅለዋለህ።»

«እንግዳ ይፈተሻል እንዴ?» ብሎ አያ ሣጥን ተቆጣ።

«ፈትሸው መች አልኩ? ለብቻው ይደር አልኩ።»

«እንግዳ ከደጅ አሳደረ ሲባል አገር ምን ይለኛል? ደግሞስ የምን ፍርሃት ነው? እኔ የጥድ ልጅ ነኝ። ነቀዝ የእኔን ሽታ ከሩቅ ሰምቶ ነው የሚሸሸው!»

«ውጭ ያለውስ ይሸሻል። ተሸሽጎ የገባውስ?»

አያ ሣጥንም በአገሩ ደንብ ለእንግዳ የሚሰጠው የሞቀው ቦታ ነውና፣ አሥራ ሁለቱን ጠጋ ጠጋ አድርጎ እንግዳውን ከመካከላቸው አስተኛው። ክዳኑም ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ቆላው ጋለ። ቆጡም ጋለ። አያ ሣጥን ጠዋት ሲቆጥር አሥራ ሦስት ነው፤ ቀትር ሲቆጥር አሥራ ሦስት ነው፤ ማታም ያው። ቁጥሩ አልጎደለምና ልቡን አሳረፈ። ቁጥር ሳይጎድል ውስጥ ሊጎድል እንደሚችል አላሰበም።

በመጀመሪያ በሣጥኑ ወለል ላይ ትንሽ ብናኝ ታየች። «የቅጠል ትቢያ ነው» አለ አያ ሣጥን።

ቀጥሎ ከአሥራ ሁለቱ በትልቁ ጥቅል ጎን አንዲት ቀዳዳ ታየች። «ከድሮም የነበረች ትሆናለች» አለ አያ ሣጥን።

በመጨረሻም ድምፅ ተሰማ። ክርት፣ ክርት፣ ክርት። ያን ጊዜ አያ ሣጥን ቆጠራውን አቋረጠ።

«አባባ» አለ ትልቁ ጥቅል። «ሆዴን እየበሉኝ ነው።»

ከወገቡም አንዲት ጎባጣ፣ ቡናማ፣ ከስንዴ ፍሬ የምታንስ ፍጥረት ብቅ አለች። ግራና ቀኝ አየችና እጅ ነሣች።

«እንዴት ዋላችሁ? ነቀዝ እባላለሁ። ከእንግዳው ጋር ነው የመጣሁት፤ ያን ጊዜ እንቁላል ነበርኩ። ቤታችሁ እንዴት ይሞቃል! እግዜር ይስጣችሁ።»

«ልጆቼን ትበያለሽ?» ብሎ ጮኸ አያ ሣጥን።

«እኔ? ኧረ በፍጹም! እኔ ምንም አልበላም። እምልልዎታለሁ፣ ጥርሴን ይዩ! የሚበሉት ልጆቼ ናቸው።»

አያ ሣጥን ወደ እንግዳው ዞረ። እንግዳው ቀፎ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሲናገርም ከየቀዳዳው ብናኝ ይፈስሳል።

«ታውቅ ነበር?»

«ሆዴን ይቆርጠኝ ነበር» አለ እንግዳው። «ባወራ ያስወጡኛል ብዬ ፈራሁ። መንገድ ላይ ሰንብቼ ነበር፣ አያ። ቤት ናፍቆኝ ነበር።» ይህን ብሎ ፍርስ አለ።

አያ ሣጥን ቆጠረ። ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ውስጣቸው ባዶ ነበር። ዘጠኝ ቀሩ።

በነጋታው አንጓች ክዳኑን ከፈተችና እሪ አለች። «ኧረ ቢተው! ትምባሆው ነቀዘ!»

ቢተው እየተንደረደረ መጣ። የሞቱትን አንድ በአንድ አንሥቶ አየ፤ በጣቱ ሲነካቸው እንደ ዱቄት ተበተኑ። 

«ልየው ቢመጣ ምን እለዋለሁ?» አለ። «ሳይነካ ተቀምጧል ብዬ ልኬበታለሁ።»

«ዘጠኝ ደህና አለ» አለች አንጓች። «ጭስ እናጭስበት።»

ምድጃው ላይ እርጥብ ኩበት ጨመሩና ሣጥኑን በላዩ ያዙት። ጭሱ ተነሣ። ነቀዝ ሆዬ ብር ብላ ወጥታ ከሣር ክዳኑ ገባች። ጭሱ ሲያልቅ ተመልሳ መጣች።

«እናትዬዋ ወጣች እንጂ እንቁላሉ መች ወጣ?» አለች እትዬ እንስራ። «ቅጠሉ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ልጆቹን ኩበት ኩበት እንዲሸቱ አደረጋችኋቸው፤ ያተረፋችሁት ይኼው ነው።»

«ዝም በይ፣ አንቺ ገል!» አላት ቢተው።

«ገል እስክሆን ድረስ ልናገር። የምትሞላኝ አንጓች ውሃውን ከወንዝ ነው የምታመጣው፤ ወንዙም ከተራራው ነው የሚወርደው። ውሃው ነግሮኛል። እላይ ጫፉ ላይ አባ ውርጭ የሚባሉ አሉ። የነቀዝን ዘር እንቁላሉ ድረስ የሚያጠፉ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሣጥኑን ይዘህ ውጣ።»

ቢተው ወደ ተራራው ቀና አለ። አንጓች አየችው። አባ ውርጭ ያሉበት ልየው ያለበት አገር ነው።

«ታላቅ ወደ ታናሽ አይወጣም» አለ ቢተው። «ልየው ሲመጣ እሱ ራሱ ይዞት ይውጣ።»

«እንግዲያስ እንደ እህሉ እናድርገው» አለች አንጓች። «ማሽላ ሲነቅዝ ፀሐይ ላይ አስጥተን አይደል የምናነፍሰው? ትምባሆስ ከማሽላ በምን ይለያል?»

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ሰማዩ በጠራበት ቀን፣ አንጓች ግቢው መካከል ቁርበት ዘረጋች። ዘጠኙን ጥቅሎች እንደ ማሽላ በተነቻቸው። አያ ሣጥንንም ብናኙ ይርገፍ ብላ አፉን መሬት ላይ ደፍታ አስቀመጠችው። ከዚያ እሷ ወደ ወንዝ ወረደች፤ ቢተው ወደ ማሳ ሄደ።

ፀሐይ ወጣች። «ኧረ እንዴት ነው የተዘረጋችሁልኝ!» ብላ ሳቀችና ዓይኗን ተከለችባቸው። ቅጠሉ ደረቀ። ቅጠሉ ተሰነጠቀ። ተኝቶ የነበረው እንቁላል ሁሉ ሙቀቱ ሲሰማው ነቃ።

አያ ሣጥን በተደፋበት በአንዲት ስንጥቅ ሲያይ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር አይታየውም ነበር። ያን ጊዜ ከቅንጭቡ አጥር ማዶ ሁለት እግሮች መጥተው ቆሙ። ተረከዛቸው በብርድ የተሰነጠቀ ነው፤ የቆላ ሰው ተረከዝ አይደለም። እግሮቹ አጠገብ አንድ ከባድ ነገር ዱብ ሲል ተሰማ። ሰውዬው ብዙ ቆመ። ወደ ቁርበቱ የሚያይ ይመስላል።

«ማነህ?» አለ አያ ሣጥን። አፉ መሬት ላይ ስለተደፋ ድምፁ አልወጣም። «ማነህ? ባለቤቶቹ አሉ! ቆይ!» አፈር ሞላበት እንጂ ድምፁ አልወጣም።

ከባዱ ነገር ከመሬት ተነሣ። እግሮቹ ዞሩ። ሄዱ።

ማታ ቢተው ሲመጣ አያ ሣጥን፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ አንድ ሰው ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ሄደ» አለው።

«መንገደኛ ይሆናላ» አለ ቢተው። ዓይኑ ቁርበቱ ላይ ነበር። ከዘጠኙ ሁለቱ ደርቀው ፈርሰዋል። ሰባት ቀርተዋል፤ ከሰባቱም ክርት ክርት የማይል አልነበረም ማለት ይቻላል።

«ጌታዬ» አለ አያ ሣጥን፤ «አባ ውርጭ ዘንድ ውሰደን። ሰባት ነን።»

«ታላቅ ወደ ታናሽ አይወጣም። ልየው ይመጣል።»

ሳምንት አለፈ። «ጌታዬ፣ ውሰደን። አራት ነን።»

«ይመጣል አልኩህ! መልእክቱ ደርሶታል።» ይህን ሲል ግን ቢተው ወደ መንገዱ ያይ ነበር።

ደግሞ ሦስት ሳምንት አለፈ። ክዳኑ ሲከፈት አያ ሣጥን፣ «ጌታዬ» አለ፤ «ጠዋት ቆጠርኩ፤ ሁለት። ቀትር ቆጠርኩ፤ ሁለት። ከእንግዲህ መቁጠሩም እየቀረልኝ ነው።»

ቢተው ከሣጥኑ አጠገብ ቁጭ አለ። አንጓች ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር።

«አንድ ለእሱ፣ አንድ ለእኔ» አለ ቢተው።

«ሂድ» አለች አንጓች። «አንተ ባትወጣ እኔ እወጣ ነበር።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ይላል። ወንድምህ ግን አንድ ነው።»

ቢተው አያ ሣጥንን አዝሎ ተነሣ። የመጀመሪያውን ቀን በቆላው ሄደ፤ ነቀዝ ሣጥኑ ውስጥ ትዘፍን ነበር። ሁለተኛውን ቀን በወይና ደጋው ሄደ፤ ነቀዝ ዘፈኗን ትታ «ምነው ነፋሱ በዛ?» አለች። በሦስተኛው ቀን ደጋ ገባ፤ ነቀዝ ክንፏን አጣጥፋ፣ «ወዴት ነው የምትወስዱን? እባካችሁ እንመለስ» ትል ጀመር። አያ ሣጥን ግን የአገሩን ጥድ ሽታ ሲያሸት ዕንባው መጣ።

ጥር ገብቶ ነበር። የልየው ጎጆ ከአንድ ኮረብታ ጫፍ ላይ ነበረች። ደጃፏ ላይ ሣር በቅሏል። ከጎረቤት አንዲት ሴት ዘንጓን ይዛ ወጣች፤ ዘርትሁን ትባላለች።

«ማንን ነው?» አለችው።

«ልየውን።»

«አንተስ የልየው ምኑ ነህ?»

  «ወንድሙ ነኝ» አለ ቢተው ቀስ ብሎ፤ በለቀስተኛው ፊት የካዳት ቃል ናት።

ዘርትሁን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ዘገየህ፣ ጋሼ» አለች። «ልየው ከሄደ ወሩ ነው። ቤቱን ዘጋ፣ ውሻውን ለእኔ ሰጠኝ፣ በዚያ በገደሉ መንገድ ወረደ። ወዴት ነው ብለው፣ ‹የሚጠብቀኝ ወደሌለበት› አለኝ።»

ቢተውም ሣጥኑን ከልየው ጎጆ ደጃፍ ካለ ሰፊ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና መሬት ተቀመጠ።

«ቀስ!» አለ ድንጋዩ። «ጀርባዬ ገና አልተሻለኝም።»

አያ ሣጥን ደነገጠ። ዝቅ ብሎ ሲያይ ድንጋዩ ላይ ገመድ የፋቀው ምልክት አለ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ልየው የተሸከመኝ ድንጋይ ነኝ። ነጋዴው መጥቶ ‹አሥራ ሁለት ጥቅል ሳይነካ ይጠብቅሃል› ባለው ቀን አለቀሰ። ከወንዙ ዳር ሊያወርደኝ፣ ከወንድሙ እግር ሥር ሊያወርደኝ ብሎ ሦስት ቀን ተሸከመኝ። ከቅንጭቡ አጥር ስንደርስ ግን ዱብ አደረገኝ። ግቢው መካከል ትምባሆው እንደ ገለባ ተበትኖ፣ ሣጥኑ ተደፍቶ አየ። ‹ጣለው› አለ። ‹ጠርቶኝ ጣለው። አሁንም ወንድሜ አይደለህም ማለቱ ነው› አለ። መልሶ አነሣኝና ተመለስን።»

አያ ሣጥን የሰማው ዱብ ታወሰው። እግሮቹ ታወሱት። አፉ ውስጥ የሞላው አፈር ታወሰው።

«ጠርቼው ነበር» አለ። «ጠርቼው ነበር፤ ድምፄ አልወጣም።»

ሊደብቀው ቢያስብም አልቻለም፤ ዕውነቱን ሁሉ ለቢተው ነገረው። ቢተው አልጮኸም። ድንጋዩን በመዳፉ ብቻ ዳበሰው፤ የገመዱን ምልክት በጣቱ ተከተለው።

ጎህ ሲቀድ አባ ውርጭ መጡ። ጢማቸው ነጭ ነው፣ ጋቢያቸው ነጭ ነው፣ ሣሩ ሁሉ እጅ ነሣቸው። አባ ውርጭ ብዙ አይናገሩም።

«የፈረሰውን አቃጥሉት» አሉ። «ሣጥኑን ጥርግ አድርጉት፤ ማዕዘኑን፣ ስንጥቁን። ሁለቱን ክደኑልኝና ለእኔ ተዉአቸው። ሦስት ቀን።»

ነቀዝ እየተንቀጠቀጠች ብቅ አለች። «ጌታዬ፣ እኔ ምንም አልበላሁም! የሚበሉት ልጆቼ ናቸው!»

«አልጠየቅሁሽም» አሉ አባ ውርጭ።

አንድ ቀን አለፈ፤ ነቀዝ ዝም አለች። ሁለት ቀን አለፈ፤ ትሎቹ ዝም አሉ። ሦስት ቀን አለፈ፤ እንቁላሉም ዝም አለ። በአራተኛው ቀን ቢተው ክዳኑን ሊከፍት ሲቸኩል አባ ውርጭ እጁን ያዙት።

«ከእኔ ቤት ወጥቶ ወዲያው ፀሐይ ያየ ይሰነጠቃል። ዛሬ ጥላ ውስጥ ይዋል፤ በዝግታ ይለምድ።» ሊሄዱ ሲሉም ዞር አሉ። «ልጄ፣ ነቀዝ ከውጭ ይገባል፤ የሚፈለፍለው ግን የቤት ሙቀት ነው። ያችንም ቃል አንተ ነህ ሦስት ዓመት ያሞቅሃት።»

በአምስተኛው ቀን ሣጥኑ ሲከፈት ሁለቱ ጥቅሎች ደህና ነበሩ። ቢተው አያቸው፤ አሸተታቸውም፤ ክዳኑን መልሶ ገጠመ። ለዘርትሁንም እንዲህ አላት፦

«ሣጥኑ ከዚህ ብርድ አይንቀሳቀስ። ልየው በዚህ ካለፈ አንዱ ያንተ ነው በይው። ሳይነካ ተቀምጧል በይው። ወንድምህ ጠራህ በይው።»

ከዚያ ጎንበስ አለና ድንጋዩን በጫንቃው አነሣ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?» አለች ዘርትሁን። «ታላቅ ድንጋይ ሲሸከም ታይቶ አይታወቅም!»

«አሁን ይታያል» አለ ቢተው። በገደሉ መንገድ ወረደ።

አንጓች ወሬውን ስትሰማ ቤቷን ዘግታ፣ እትዬ እንስራን አዝላ ወደ ደጋው ወጣች፤ ከዘርትሁን ጋር ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነጋዴ ባለፈ ቁጥር ይጠይቃሉ። አንዱ፣ «ከሁለት ወንዝ ማዶ ድንጋይ የተሸከመ ሽማግሌ አይቻለሁ፤ ልጆች ይስቁበት ነበር» አለ። ሌላው፣ «በሦስተኛው አገር ገበያ ላይ አይቼዋለሁ፤ ‹ረጅም ሰው፣ ተረከዙ የተሰነጠቀ› እያለ ይጠይቃል» አለ። ሦስተኛው የመጣው በከርሞው ጥምቀት ዋዜማ ነው። «ሰውየውን አላየሁትም» አለ። «ድንጋዩን ግን ከአንድ መንገድ ዳር ወርዶ አየሁት። ያወረደው ራሱ ይሁን ሌላ ሰው ያውርድለት፣ አላወቅሁም።»

አንጓች ያን ቀን ብዙ ጠየቀችው፤ ድንጋዩ አጠገብ ሣሩ የተረገጠው በአንድ ሰው እግር ነው ወይስ በሁለት? ነጋዴው ልብ አላለም።

የተጣላችሁ ካላችሁ እንግዲህ ማን ይቅደም አትበሉ፤ ሙቀቱ አይጠብቅም። አያ ሣጥን ግን ዛሬም ከዚያ ብርድ ውስጥ ነው ይባላል። ጠዋት ይቆጥራል፣ ቀትር ይቆጥራል፣ ማታ ይቆጥራል። «አንድ፣ ሁለት። አንድ፣ ሁለት።» እኔም ወሬያቸውን የማውቀው እስከዚያች የጥምቀት ዋዜማ ድረስ ነው።